«እናንተማ ድሮም…»

ጥያቄ፦ ወንድሜ የከሚሴ ልጅ ነው። ደሴ ላይ በድብደባ ተከሶ ቀረበ። የኦሮምኛ አስተርጓሚ ሲጠይቅ ዳኛው «እናንተማ ድሮም ለጠብ ትፈጥናላችሁ» አሉት። ታዳሚው ሳቀ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። የተከሰሰው ወንድምሽ እንጂ ብሔሩ አይደለም! (ሳቂዎቹን ተያቸው።) አስተርጓሚም ችሮታ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 25 ደግሞ በብሔር መለየትን ይከለክላል። ንግግሩ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል? ካልሰፈረ ጠበቃው እንዲመዘገብ ይጠይቅ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ዳኛው ከጉዳዩ እንዲነሱ በጽሑፍ አመልክቱ። ለክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤም አቤት ማለት ይቻላል። ችሎት ውስጥ ግን እንዳትጮኹ፤ ችሎት መድፈር ተብሎ ሌላ መዘዝ ያመጣል።