የአጥር ችግኛችንን ማን በላው?

ጥያቄ፦ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በወንጂ መንገድ በኩል ቤት ሠርተን ገብተናል። ክረምት ላይ ለአጥር ብለን ጥድና ክትክታ ተከልን፤ ጥሩ ይዞልን ነበር። በጋው ሲገባ ግን ጠዋት ስወጣ አንዳንዱ ተቆርጦ፣ አንዳንዱ ቅርፊቱ ተልጦ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ የጎረቤት ፍየል ነው ይላል፣ ዘበኛው ጥንቸል ነው ይላል። መርዝ አድርጉበት ያሉንም አሉ። ምን ይሻላል? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤት ከመጣላታችሁ በፊት ጎንበስ ብለሽ ቁርጡን እዪው። ጥንቸል የቆረጠችው በስለት የተቆረጠ ይመስላል፣ ሰያፍና ጥርት ያለ ነው። ፍየል ግን ላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌላት ጎትታ ትቦጭቃለች፣ ጫፉ ይተለተላል። ደግሞ ፍየል ሌሊት በረት ናት። እኔ ከዘበኛው ጋር ነኝ።

ክትክታው ብዙም አያሳስብ፣ ሥሩ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥዱ ነው ችግሩ። ቅርፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ከተላጠ ሊድን ይችላል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ግን ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ መውረጃ ስለማያገኝ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ያታልልሽና ይደርቃል። እሱን ንቀዪው፣ በአዳማ በጋ ውሃ አታባክኚበት።

ለተረፉት የዶሮ ቤት ሽቦ አልብሺ። ቀዳዳው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ቁመቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ሽቦውን ቅበሩ የሚባለው ጉድጓድ ለሚቆፍሩት ለፈረንጅ አገር ጥንቸሎች ነው፤ የእኛዋ የዱር ጥንቸል ስለማትቆፍር ታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ መያዝ ይበቃል። ሰው ሁሉ ሃይላንድ ቆርጦ ያለብሳል፣ ግን ባለ 2 ሊትሩም አጭር ነው፣ በኋላ እግሯ ቆማ ከላይ ትቀነጥባለች፤ ጎኑን ካልበሳሽው ደግሞ ፀሐይዋ ችግኙን ትቀቅለዋለች። ገንዘብ ካጠረ የግራር እሾህ የሚያህል የለም፣ ነፋሱ እንዳይወስደው ብቻ ድንጋይ ጫኚበት (የአዳማን ነፋስ ለአንቺ መንገር የለብኝም)።

መርዙን እርሺው። ልጅ አለ፣ ውሻ አለ፣ የሞተውን የሚበላ ጅብና አሞራ አለ።

በሚቀጥለው ክረምት ውጪውን መስመር ቅንጭብ ብታደርጊው እመርጣለሁ፤ ወተቱ ስለሚያቃጥል እንስሳ ብዙም አይደፍረውም። ቁራጩ ጥቂት ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ትከዪው። ስትቆርጪ ልጆቹን አርቂ፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው።