ድመት ሲያረጅ፦ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ድመቶች ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከማያቸው ታካሚዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ያረጁ ድመቶችን ነው። ስለ ድመት ዕድሜ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እውነት 38 ዓመት የኖረች ድመት ነበረች? ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ክሬም ፓፍ ትባላለች። የኖረችው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ኦስቲን ከተማ ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 3 ቀን 1967 ተወልዳ ነሐሴ 6 ቀን 2005 ሞተች። 38 ዓመት ከ3 ቀን መሆኑ ነው። በጊነስ መዝገብ የረጅም ዕድሜ ክብረ ወሰኑ የእሷ ነው። የሚገርመው፣ ባለቤቷ ጄክ ፔሪ 34 ዓመት የኖረ ሌላ ድመትም ነበረው።

በ2022 ደግሞ ፍሎሲ የምትባል እንግሊዛዊት ድመት 27 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በሕይወት ካሉት ሁሉ አንጋፋዋ ተብላ ተመዝግባለች። ያኔ ጆሮዋ አይሰማም፣ ዓይኗም ደክሞ ነበር። መጫወት ግን አላቆመችም። እኔ ከክብረ ወሰኑ ይልቅ ይህን ነው የምወደው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ምን እያበላ ነው እዚያ ያደረሳቸው? እኛም እንሞክረው?

መልስ፦ ከተለመደው ደረቅ የድመት ምግብ ሌላ እንቁላል፣ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ሥጋ፣ ብሮኮሊ፣ ክሬም የገባበት ቡና፣ በጠብታ ደግሞ ቀይ ወይን ይሰጥ እንደነበር ተናግሯል። እባካችሁ ቡናውንና ወይኑን አትሞክሩ። ካፌይንም አልኮልም ለድመት መርዝ ናቸው። አንድ ሰው ቤት ሁለት ድመቶች ረጅም ዕድሜ ስለኖሩ ምክንያቱ ወይኑ ነው ማለት አይቻልም። ምናልባት የኖሩት ወይኑን ተቋቁመው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የተለመደው የድመት ዕድሜ ታዲያ ስንት ነው? ዘሩስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በ2024 በእንግሊዝ የታተመ የሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ጥናት አማካዩን 11.7 ዓመት ገደማ አድርጎታል። ሴቶቹ ከወንዶቹ በአንድ ዓመት ከምናምን ይበልጣሉ። በርሚስና ቢርማን የሚባሉት ዘሮች ከ14 ዓመት በላይ ሲያገኙ፣ ፀጉር አልባው ስፊንክስ 7 ዓመት እንኳን አልሞላም።

ይህን አይታችሁ ግን አትደንግጡ። አማካዩ ውስጥ ገና በልጅነታቸው በመኪና የተገጩና በበሽታ የሞቱ ድመቶች አሉበት። ያንን ጊዜ አልፋ፣ ቤት ውስጥ የምትኖርና ክትባቷን የወሰደች ድመት 15 ዓመት ብትደርስ የሚያስገርም አይደለም። 18 እና 20 የደረሱም በየጊዜው ይመጡልኛል።

ጥያቄ፦ በሰው ዕድሜ ለማስላት በ7 ነው የሚባዛው?

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት እንደ 15፣ ሁለተኛው ሲሞላ እንደ 24 ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 4 ጨምሩ። የ15 ዓመት ድመት የ76 ዓመት አዛውንት ናት፤ የ20 ዓመቷ 96። ግምት ነው እንጂ ትክክለኛ ስሌት አይደለም። ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳያል፦ ለእኛ አንድ ዓመት የሆነው ለእሷ አራት ነው። «የዛሬ ዓመት ታይታ ደህና ናት ተብለናል» ስትሉኝ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ድመቴ 14 ዓመቷ ነው። ድሮ ቁም ሳጥን ላይ ዘላ ትወጣ ነበር። አሁን ሶፋው ላይ እንኳን አስባበት ነው የምትወጣው። ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። እርጅና ነው አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያልፈዋል። የምትነግሪኝ የእርጅና ሳይሆን የሕመም ምልክት ይመስላል። ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው ድመቶች በራጅ ሲታዩ ከ10ሩ 9ኙ መገጣጠሚያቸው ላይ ጉዳት እንደተገኘባቸው የሚያሳይ ጥናት አለ። ድመት ግን አታነክስም፣ አትጮህም። በተፈጥሮዋ ሕመሟን ደባቂ ናት። የምታደርገው መተው ነው። መዝለል ትተዋለች፣ ጀርባዋን መላስ ትተዋለች፣ መጫወት ትተዋለች። እኛ ደግሞ «አርጅታ ጨዋ ሆነች» እንላለን።

እስቲ እነዚህን ተመልከቺ፦ ወገቧ አካባቢ ፀጉሯ ተንጨባሯል? ጥፍሯ ረዝሞ ምንጣፍ ላይ ይያዝባታል? ከመጸዳጃ ሳጥኗ አጠገብ ሆና ውጭ ትሸናለች? ስትነኪያት ትቆጣለች? ሁለቱ እንኳን ካሉ ሐኪም ይያት።

ቤት ውስጥ የምታደርጊው ብዙ ነው። ወደ ምትወደው ቦታ መወጣጫ የሚሆን ሳጥን ወይም ዝቅ ያለ ወንበር አድርጊላት። የመጸዳጃ ሳጥኗ አንዱ ጎን ዝቅ ያለ ይሁን፤ እግሯን አንስታ መግባት ነው የሚያማት። ምግብና ውኃዋን ደረጃ ሳትወጣ የምታገኝበት ቦታ አስቀምጪ። ሞቅ ያለ መኝታ ስጫት። ወፍራም ከሆነች ቀስ ብላ ትቀንስ።

መድኃኒትም አለ። ፍሩኔቬትማብ የሚባል በወር አንዴ የሚወጋ ማስታገሻ ለድመት ተብሎ ተሠርቷል፤ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ነው የተፈቀደው። ኩላሊቷ እየታየ የሚሰጡ ሌሎችም አሉ። ዳግም ሶፋ ላይ መዝለል የጀመረች ድመት ባለቤቷ ሲነግረኝ ከምሰማው በላይ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

አደራ የምለው አንድ ነገር፦ ለራሳችሁ የምትውጡትን ማስታገሻ እንዳትሰጧት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ኪኒን ይበቃል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አክሽፎ የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔው 13 ዓመቱ ነው። እንደ ጉድ ይበላል፣ ግን እየከሳ ነው። ቤቱን ሲዞር ያድራል። ጉልበቱን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ክሳቱ ግን ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጉልበቱ አያታልልህ። የታይሮይድ ዕጢው ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ከ10 ዓመት በላይ በሆናቸው ድመቶች ላይ በጣም የተለመደ በሽታ ነው። ልቡ ያለ ዕረፍት እየሮጠ ነው፤ ዝም ከተባለ ልብን ይጎዳል፣ የደም ግፊት ያመጣል። በደም ምርመራ ይለያል። በየቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ኪኒን እምቢ ካለ በጆሮው ውስጠኛ ክፍል የሚቀባም ይዘጋጃል። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መርፌ ይድናል። የስኳር በሽታም እንዲህ እየበላ ሊያከሳው ስለሚችል አብሮ ይመርመር።

ጥያቄ፦ ውኃ አብዝታ መጠጣት ጀምራለች። 16 ዓመቷ ነው። ኩላሊት ነው ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ከ10 ዓመት በላይ ካሉ ድመቶች ከ3ቱ አንዷ ገደማ የቆየ የኩላሊት ችግር አለባት፤ በ16 ዓመት ደግሞ ከዚያም ይበዛል። ነገር ግን ኩላሊት ሲባል አለቀላት ማለት አይደለም። በጊዜ ተደርሶበት ለዓመታት በደህና የኖሩ ብዙ ድመቶች አሉ።

ችግሩ በጊዜ አለመድረሱ ላይ ነው። ክሬአቲኒን የሚባለው የተለመደው የደም ምርመራ ከፍ የሚለው ሦስት አራተኛው የኩላሊት አቅም ከሄደ በኋላ ነው። ኤስዲኤምኤ የሚባለው ምርመራ ቀደም ብሎ ይነግራል። የሽንት ምርመራም እንዳይቀር፤ ሽንቷ መቅጠኑ ቀድሞ ይታያል።

ከተገኘባት ዋናው ሕክምና ምግብ ነው። ፎስፈረሱ የተቀነሰ የኩላሊት ምግብ ዕድሜ እንደሚያራዝም በጥናት ታይቷል። ቀስ እያላችሁ በሳምንታት ውስጥ ለውጡት። በአንድ ቀን ከቀየራችሁት ትጠላዋለች፤ ድመት የጠላችውን ምግብ አትረሳም። የደም ግፊቷ ይለካ። ውኃ በየክፍሉ አስቀምጡላት። ሐኪሙ ካዘዘ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠትን ቤት ውስጥ መልመድ ይቻላል። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በኋላ ይለመዳል።

የድመት ኩላሊት ለምን እንዲህ ቶሎ ይደክማል ላላችሁኝ፦ ቶሩ ሚያዛኪ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ኤአይኤም የተባለ ፕሮቲን ላይ ይሠራሉ። ይህ ፕሮቲን ኩላሊት ውስጥ የተጠራቀመ የሞተ ሕዋስ እንዲጠረግ ይረዳል። በድመት ደም ውስጥ ፕሮቲኑ አለ፤ ግን ከሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥራውን አይሠራም። ይህን በ2016 አሳትመዋል። ከዚህ ተነስቶ መድኃኒት ለመሥራት እየተሞከረ ነው፤ እኔም በጉጉት የምከታተለው ነው።

ጥያቄ፦ ለአሮጊት ድመት ምን ላብላ? ወተትስ? የውሻ ምግብስ?

መልስ፦ ሥጋ በላ መሆኗ በእርጅና አይቀየርም። እንዲያውም ብዙ ያረጁ ድመቶች ፕሮቲንና ስብን እንደ ድሮው ስለማይፈጩ ጥሩ ፕሮቲን ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል። ኩላሊቷ ሳይመረመር «አርጅታለች» ብላችሁ ሥጋ አትቀንሱባት፤ ጡንቻዋ ያልቃል። እርጥብ ምግብ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። የድመት ዘር የመጣው ከበረሃ ስለሆነ የመጠማት ስሜቷ ደካማ ነው።

ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የውሻ ምግብ ለዘወትር አይሆንም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም። ሲጎድልባት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗ ይጠፋል። የልቡ ጉዳይ በ1987 በታተመ ጥናት ነው የታወቀው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም በፍጹም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ድመት ሁለት ቀን ምንም ካልበላች «ሲርባት ትበላለች» ብላችሁ አትጠብቁ። በተለይ ወፍራም ከሆነች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች።

ጥያቄ፦ ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆማ ትጮኻለች። 17 ዓመቷ ነው። የት እንዳለች የረሳች ትመስላለች።

መልስ፦ ረስታም ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በላይ ካሉት ግማሽ ያህሉ የአእምሮ እርጅና ምልክት ያሳያሉ። ግን እዚያ ላይ ከመድረሳችን በፊት ታይሮይድ፣ የደም ግፊት፣ ሕመምና የመስማት ችግር ይታዩ። እነዚህም ሌሊት ያስጮኻሉ። እነሱ ከሌሉ ትንሽ የሌሊት መብራት ተዉላት፣ የዕቃውን ቦታ አትቀያይሩ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂት አጫውታችሁ አብሏት። አትቆጧት። ፈርታ ነው።

ጥያቄ፦ ትናንት ደህና ነበረች፣ ዛሬ ግድግዳ ትገጫለች።

መልስ፦ ይህን ስታነቡ አሁኑኑ ውሰዷት። ድንገተኛ መታወር ብዙ ጊዜ ከደም ግፊት ነው። አምሎዲፒን የሚባለው መድኃኒት ቶሎ ከተጀመረ ዓይኗ በከፊል ሊመለስ ይችላል። ሲዘገይ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ጥርሷ ተበላሽቷል፣ አፏ ይሸታል። በዚህ ዕድሜዋ ማደንዘዣ አይገድላትም?

መልስ፦ ስጋቱ ይገባኛል። ግን የተበላሸ ጥርስ ይዞ መኖር በየቀኑ መታመም ነው። አስቀድሞ ደሟ፣ ልቧና ግፊቷ ይታይ። ጤናማ ሆና ከተገኘች 15 ዓመቷ ብቻውን የሚከለክል ምክንያት አይደለም። ከጥርሷ ሕመም ተገላግላ በሳምንቱ እንደ ልጅ የምትበላ ድመት ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው ትመርመር? ቤት ውስጥስ ምን ልከታተል?

መልስ፦ ከ10 ዓመት በኋላ ቢያንስ በየ6 ወሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሚዛን። የሕፃናት ሚዛን ካገኛችሁ በየሁለት ሳምንቱ መዝኗትና ጻፉት። የኩላሊት በሽታ የተገኘባቸው ድመቶች መክሳት የጀመሩት በሽታው ከመታወቁ እስከ 3 ዓመት ቀደም ብሎ እንደነበር የሚያሳይ ጥናት አለ። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት 400 ግራም ስትቀንስ በዓይን አይታይም። ከክብደቷ ግን አንድ አሥረኛው ነው፤ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 6 ኪሎ እንደ መቀነስ። «አርጅታ ነው የከሳችው» የሚለውን ቃል ከቤታችሁ ብታወጡልኝ፣ የብዙ ድመቶችን ዕድሜ ታራዝማላችሁ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቱ ነው። መቼ «ይበቃል» እንደምል አላውቅም።

መልስ፦ እናቴ፣ ከባዱን ጠየቁኝ። ይበላል? ራሱን ያጸዳል? እርስዎ ሲገቡ ቀና ይላል? ሕመሙ በመድኃኒት ይታገሳል? በየቀኑ ማታ ቀን መቁጠሪያ ላይ «ደህና» ወይም «ክፉ» ብለው ይጻፉ። ክፉው ቀን ደህናውን መብለጥ ሲጀምር ሐኪምዎን ያነጋግሩ። አንድ ቀን ቀድመው ቢወስኑ በደል አይደለም። ሕመም በበዛበት ጊዜ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ለእሱ የሚደረግ የመጨረሻ ሕክምና ነው፤ ስለዚህ ራስዎን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ ለ16 ዓመት ድመቴ ጓደኛ እንድትሆናት ግልገል ላምጣላት?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አልመክርም። ግልገል ቀኑን ሙሉ መጫወት ነው የምትፈልገው፣ እሷ ደግሞ ማረፍ። ግድ ከሆነ ሁለት ግልገል ይሻላል፤ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ለአንጋፋዋ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ሳህንና የራሷ መጸዳጃ ይኑራት። ምግቧን ካቆመች ግልገሎቹን ለይታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ደውሉ።