ቤቱ ውስጥ ማን አለ?

የማኅበራዊ ሥራ ሙያን ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

የቻይና ቤተሰብ ሲነሳ «ባህላቸው ጥብቅ ነው፣ የጥንቱ ፈላስፋቸው የኮንፊሽየስ ነገር ነው» ብሎ ወሬውን የሚዘጋ ወጣት በዝቶብኛል። ነገሩ በባህል ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ሥራችን በቀለለ ነበር። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ነው።

ሻንጋይን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ገደማ እስከ 2015 በቆየው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን የተወለደ የከተማ ልጅ በአብዛኛው ወንድም እህት የለውም። እንደ እሱ ብቸኛ የሆነች ሴት ሲያገባ ደግሞ ልጃቸው አጎት አክስት የሚለው አይኖረውም፤ የአራት አያቶችና የሁለት ወላጆች ዓይን እሱ ላይ ብቻ ያርፋል። ጋዜጦች «ትንንሽ ነገሥታት» እያሉ አላገጡባቸው። እኔ አይዋጥልኝም፤ ንጉሥ ስድስት ሰው የመጦር ዕዳ የለበትም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን አዘውትረው እንዲጠይቁ በሕግ ደነገገ። ልጆቹ ስለከፉ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው ለስንቱ ይድረስ! ለከተማ ሴት ልጅ ግን በጎ ጎን ነበረው፤ የትምህርት ገንዘቡን የሚሻማት ወንድም ስለሌላት ወላጆቿ ያላቸውን ሁሉ ለእሷ አዋሉት። (ገጠር ላይ ደንቡ ላላ ይል ነበር፤ በብዙ ክፍለ ሀገር የበኩር ልጅ ሴት ከሆነች ሁለተኛ ይፈቀድ ነበር። ለሴት ልጅ የነበረውን ግምት ከዚሁ ተረዱት።)

የገጠሩ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። የአንሁይ ወይም የሲቿን ክፍለ ሀገር ገበሬ ርቆ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ፋብሪካ ሲገባ ልጁን ይዞ እንዳይሄድ ሁኮው ያስረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ያለው ይህ የቤተሰብ ምዝገባ ትምህርትንና ሌላውን አገልግሎት ከተመዘገቡበት ቦታ ጋር ያቆራኛል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም ልጁ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ አያቱ ጋ ይቀራል። እናት በስልክ «በላህ? የቤት ሥራህን ሠራህ?» ትለዋለች፤ ከዚያ ወሬው ያልቃል። ለአዲስ ዓመት በዓል ስትመጣ አያቱ ጀርባ ይሸሸጋል። አያት ታበላለች፣ ታለብሳለች፤ መቆጣት ግን ትፈራለች፣ አደራ ነዋ።

ጅዳና ቤሩት የሄዱ እናቶቻችን ልጆችም ብዙዎቹ በአያት እጅ ስለሚያድጉ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣላችሁ እናቱን ከመክሰሳችሁ በፊት ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ማን እንደሚሄድለት ጠይቁ። እናት ስትመለስ ደግሞ ወዲያው ከአያቱ ነጥላ እንዳትወስደው ምከሯት። ጥቂት ወራት ሦስቱም አብረው ቢከርሙ፣ ቁርሱን አያት፣ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ እናት ብትይዝ ይሻላል።