ሁለቱን ኤሌክትሮን ማን ወሰዳቸው?

ሰሞኑን አንድ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ በቴሌግራም ጥያቄ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ኤክስሬይ የትኩስ ኮከቦችን ንፋስ ምን ያደርገዋል?» ይላል። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዘጋው።

አውቃለሁ። ግን ጥያቄው ሌላ ሰው አስታወሰኝና እንቅልፍ አጣሁ።

አባቷ ከዚራ ባቡር ጋራዥ የሚሠሩ ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ቀን ከአሮጌ መጽሔት ያነበብኩትን ለክፍሉ አወራሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 የመጠቀችው ኮፐርኒከስ ሳተላይት፣ ዜታ ፑፒስን በመሳሰሉ ትኩስ ኮከቦች ንፋስ ውስጥ (ከኮከቡ ገጽ ወደ ውጭ የሚፈስ ጋዝ ነው)፣ ከስምንት ኤሌክትሮኖቹ አምስቱን ያጣ ኦክስጅን አገኘች። ንፋሱ በሰከንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል ስል ክፍሉ በፉጨት ቀለጠ። እሷ ግን እጇን አወጣች።

«ኮከቡ 40,000 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ብርሃኑ ቢበዛ ሦስቱን ነው የሚያወጣው ብለሃል። ሁለቱን ማን ወሰዳቸው?»

ዝም አልኩ። የነበሩን መጻሕፍት ከሳተላይቷ በፊት የታተሙ ናቸው። «ፈልጌ እነግርሻለሁ» አልኳት። መልሱ እጄ ሳይገባ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ጅቡቲ ገባ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ያ ባቡር! ነጋዴዎቹ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበው ይሳፈሩ ነበር፣ ኮንትሮባንድ እንዳይባል። ፈታሹ ከላይ ከላዩ ያስወልቃል። የኮከቡ ብርሃንም እንደዚያው ነው። ኤክስሬይ ግን የውስጠኛውን ኤሌክትሮን መንጭቆ ያወጣል። ከላይ ያለው ኤሌክትሮን ክፍተቱን ሊሞላ ሲወርድ የሚተርፈው ጉልበት ሌላ ኤሌክትሮን ያባርራል። በአንድ ምት ሁለት! ሦስት ያጣው ኦክስጅን አምስት አጣ ማለት ነው። ይህን ካሲኔሊና ኦልሰን የተባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ጻፉት። ኤክስሬዩ ከንፋሱ ሥር፣ ከኮከቡ ገጽ አጠገብ ካለ ስስ ሽፋን ይመጣል ብለው ነበር። በኋላ ግን ምንጩ በአብዛኛው ንፋሱ ራሱ መሆኑ ታየ። ፈጣኑ ጋዝ ቀርፋፋውን ሲገጨው ሚሊዮኖች ዲግሪ ይግላል። የሚገርመው፣ ይህ ኤክስሬይ ከኮከቡ ጠቅላላ ብርሃን ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው።

አጥኑ፣ ምናምን አልላችሁም። ሰልችቷችኋል። የዛሬ ልጆች ግን መልስ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ታልፋላችሁ፤ ቁጥሩ ይሙላ አይሙላ አትቆጥሩም። ስልኩን አስቀምጡት! እኔም ብሆን ነገሩን በደንብ የተረዳሁት በልጅ ልጄ ስልክ ነው፤ እሱን ተዉት።

አሁን ናይትሮጅንን ሞክሩ። በዚያው ንፋስ ውስጥ አራት ኤሌክትሮን አጥቶ ይታያል። ኤክስሬይ ከመምታቱ በፊት ስንት አጥቶ ነበር?