አባቷ «ከእርሻ አምልጪ» ላሏት የፍሬሽማን ተማሪ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። የቆቦ አካባቢ ልጅ ነሽ፤ አባትሽ ማሽላ ያርሳሉ። ፍሬሽማን ነሽ፤ የዲፓርትመንት ምርጫ ደርሷል። ጄኔራል ባዮሎጂ ላይ ኢኮሎጂና ጄኔቲክስ ስትማሪ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አይታወቅሽም። ልብሽ ያለው ተክል ማጥናት ላይ ነው፤ ቤተሰብ ግን «ሕክምና» ብሏል። የኪስ ገንዘብሽን የምትልክልሽ ጅዳ ያለችው እህትሽም የምትጠብቀው ዶክተር ነው። አባትሽ ደግሞ «ያስተማርኩሽ ከእርሻ እንድታመልጪ ነው፤ ተመልሰሽ ስለ ተክል ልታጠኚ?» ብለውሻል። ስለ እንግሊዝኛሽ፣ ስለ ላፕቶፕና ኬሚስትሪ ላይ ስላመጣሽው ሲ ጠይቀሻል፤ እነሱን ኋላ ላይ በአጭሩ አነሳለሁ።

የአባትሽን አባባል ከብዙ ተማሪ ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። የምናደደው በአባትሽ አይደለም። እሳቸው ያዩትን ድካም አይተው ነው የተናገሩት። የሚያናድደኝ የገበሬ ልጅ ከማሳው በራቀ ቁጥር የተማረ የሚመስለን መሆኑ ነው።

እስቲ ማሳው ላይ እንቁም። አቀንጭራን ታውቂዋለሽ። ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር አረም ነው። በቀስታ ቆፍረሽ አፈሩን ብታራግፊው ሥሩ ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። ውሃውንም ምግቡንም የሚጠባው ከማሽላው ነው። ከአፈር በላይ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው፤ ገበሬው ነቅሎ ነቅሎ ለውጥ የማያየው ለዚህ ነው። አንዱ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ያራግፋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው አጠገቡ ካለ ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ያንን ኬሚካል የሚለቀው ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው፤ አቀንጭራው ጥሪውን ይጠልፈዋል። አፈሩ በተራቆተ ቁጥር ማሽላው ጥሪውን ያበዛል፣ አቀንጭራውም ይበዛል። ኢኮሎጂ ብለሽ የወደድሽው ትምህርት አባትሽ ማሳ ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የሚባሉ ሰው አሉ። ወሎንኮሚ ተወለዱ፤ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ያኔ አለማያ ይባል በነበረው በዛሬው ሐረማያ ተማሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያንን ኬሚካል በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቁ የማሽላ ዓይነቶች መኖራቸውን፣ ባሕርዩም በአንድ ሪሴሲቭ ጂን (ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ ባሕርዩ በማይታይ ጂን) እንደሚወረስ አሳዩ። በ2009 እንደ ፈረንጆች የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ።

ደብተርሽን አውጪ። አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ማሽላ ከማይቀሰቅሰው ጋር አዳቅይ። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ይቀሰቅሳል። ማሳ ላይ ያየ ሰው «ከሸፈ» ይላል። ያንኑ ትውልድ ራሱን በራሱ አዳቅለሽ ዘሩን ስትዘሪ ግን ከአራቱ አንዱ ገደማ የማይቀሰቅስ ይወጣል። ፈተና ላይ 3 ለ 1 ብለሽ የምትጽፊው ይሄ ነው። እኔ ምርምር ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሥራዬ ያንን አንዱን መፈለግ ነበር። ጥቃቅኑን የማሽላ አበባ ከፍቶ የወንዴውን ክፍል በመቆንጠጫ ነቅሎ ማውጣት፣ ዛላውን በወረቀት ከረጢት መሸፈን፣ ቀኑን ከረጢቱ ላይ መጻፍ። አድካሚ ነው። ግን ከዚያ ማሳ በወጣሁ ቁጥር ምን እንደሠራሁ አውቅ ነበር።

አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የተባሉ ዝርያዎች አገራችን ውስጥ ተለቀዋል። አሁን አባትሽን ጠይቂያቸው፤ አገዳው አጭር የሆነ ማሽላ ይፈልጋሉ? አገዳው ለከብቱ መኖ ነው፣ ለማገዶ ነው፣ ለአጥር ነው። ፍሬውን ብቻ መዝኖ አገዳውን የረሳ አዳቃይ ዘሩን ገበሬው አይወስድለትም። ይህን አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂዋለሽ። ከተማ ያደገ የክፍል ጓደኛሽ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። እንድትሸሺው የሚነገርሽ ይህንን እውቀት ነው።

ካልቪን ሳይክል (ተክል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር የሚሠራበት ዑደት) ተሸምድዶ ይጠፋብኛል ላልሽው፣ ከቀስቶቹ አትጀምሪ። ካርቦኑን ተከተዪው፤ ከአየር ቅጠል ውስጥ ገብቶ፣ ስኳር ሆኖ፣ ዛላው ላይ ፍሬ እስኪሆን። ከዚያ ማሽላ ለምን ቆላውን እንደሚችል ጠይቂ። ሙቀት ሲበረታ ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን መያዝ ያበዛል፤ የተክሉ ጉልበት ይባክናል። ስንዴና ገብስ በዚህ ይጎዳሉ። ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሩቢስኮ ወዳለባቸው ሴሎች አምጥተው ያከማቹለታል፤ ብክነቱ ይቀንሳል። እንዲህ የሚሠሩት ሲ-ፎር ተክሎች ይባላሉ። ይህ አንዴ ከገባሽ ሽምደዳው ይቀልልሻል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የመንግሥት ተመራማሪ ደመወዝ አያኮራም። የሐኪሙም አያኮራም፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ክፍያው አልበቃንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። «ሕክምና ማለት ገንዘብ ነው» የሚለውን ሒሳብ ቤተሰብሽ እንደገና ይሥሩት። ፕላንት ሳይንስ፣ ማለትም የሰብልና የተክል ሳይንስ፣ ፍሬሽማንን ጨምሮ አራት ዓመት ነው፤ ሕክምና ከዚያ ብዙ ይረዝማል። በነዚያ ትርፍ ዓመታት ገንዘብ የምትልከው ማን ናት?

እህትሽ ጅዳ ጎንበስ ቀና ብላ የምትልከው ገንዘብ ውለታ ነው፤ ውለታም ይመለሳል። የሚመለሰው ግን በማትፈልጊው ሙያ አይደለም። ሳይወዱ ሐኪም መሆን በሽተኛውንም መበደል ነው። ደውለሽ በግልጽ ጠይቂያት፤ የምትፈልገው «ዶክተር» የሚለውን ስም ነው ወይስ አንቺ ራስሽን ችለሽ እሷ አገሯ የምትገባበትን ቀን? መልሷ ሁለተኛው ከሆነ የቱ መንገድ እንደሚቀርብ አብራችሁ ቁጠሩ።

እኔ ከንጹሕ ባዮሎጂ ይልቅ ፕላንት ሳይንስን አንደኛ አድርጊ እላለሁ። ባዮሎጂ ሰፊ ነው፤ ቀጣሪ ግን የሚጠይቅሽ «ምን መሥራት ትችያለሽ?» ብሎ ነው። የፌዴራልና የክልል የግብርና ምርምር ማዕከላት አሉ። የምርጥ ዘር ድርጅቶች አሉ። የዘር ባንኩን የያዘው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ። የአበባ እርሻዎችና ችግኝ የሚያባዙ የቲሹ ካልቸር ላብራቶሪዎችም አሉ። በተመረቅሽ ማግስት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ቀጣሪ የለም፤ ለምርምር ደግሞ ማስተርስ ያስፈልግሻል። ይህን አሁኑኑ አውቀሽ ግቢ።

«ሴት ልጅ ማሳ ለማሳ?» የሚል ዘመድ ከመጣ ፕሮፌሰር ሰገነት ቀለሙን ጥቀሺለት። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ አለማያ ተምረው፣ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለአስር ዓመት ያህል በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል።

ኬሚስትሪ ላይ ያመጣሽው አንድ ሲ አይጥልሽም፤ ምደባው በጂፒኤ ስለሆነ ግን በዚህ ሴሚስተር አካክሺው። ላፕቶፕ ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ያለው ይበቃሻል፤ እህትሽን አታስቸግሪ። እንግሊዝኛሽ የባዮሎጂ መጽሐፍሽን በየቀኑ ሁለት ገጽ ጮክ ብለሽ ስታነቢ ይሻሻላል።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄጂ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጎራ በይ፤ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ማሽላ ላይ የሚሠሩትን ጠይቀሽ አግኚ፣ የዕረፍት ጊዜሽን አብረሻቸው ለመሥራት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ከተቻለ አባትሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ የአገዳውን ነገር እሳቸው ይንገሯቸው። ከዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ ማጻፍ አትርሺ።