ጦር መርከቧ ወይስ ጦር መርከቡ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሳይንስ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የሚዋጉበት «ቅዝራ» የሚባል የጦር መርከብ አለ። አንድ መርከብ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ብዙ ናቸው። ጓደኞቼ «መርከቧ» በል ይሉኛል። እኔ ግን በሴት አንቀጽ ስጽፍ ያቺ አስፈሪ ነገር ትንሽዬና ቆንጅዬ የምትሆንብኝ ይመስለኛል። ማን ነው ትክክል? ደግሞ የመርከቡ አዛዥ ጾታ የለውም፤ እሱንስ ምን ልበለው? ቁራጭ ልኬልዎታለሁ፤ ሌላም የሚታረም ካለ አይማሩኝ።

«ቅዝራ ክላስ የሆነው የባዕዳን የሕዋ የጦር መርከብ 900 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን በ300,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝን ዒላማ ለመምታት የሚያስችል አቅም ያለው የጨረር መድፍ የታጠቀ ነው። ጋሻው በማንኛውም መሣሪያ ሊበሳ የማይችል ነው። በየጦር መርከቡ ላይ 12 ሚሳኤሎች ይገኛሉ። መርከቡ ጋሻውን ዘረጋ። ተመታ። ግን አልተጎዳም። ድው የሚል ድምፅ ሕዋውን ሞላው። ክንፎቹ በሙቀት ቀሉ።»

መልስ፦ «ያቺ አስፈሪ ነገር» ብለው የጻፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሳያስቡት ሲጽፉ ጆሮዎ መልሱን ሰጥቶዎታል። ጓደኞችዎ ልክ ናቸው።

ስጋትዎ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። አማርኛ ውስጥ የሴት አንቀጽ ማሳነሻም ማቆላመጫም ይሆናል። «ቤቷ»፣ «ጠረጴዛዋ» ስንል ትንሽ ነገር፣ ወይም የምንወዳት ነገር ትታየናለች። ይህ የሚሠራው ግን በልማድ በወንድ አንቀጽ የሚጠራውን ነገር ወደ ሴት ስናዞረው ነው። መኪና፣ አውሮፕላንና መርከብ ዱሮውንም በሴት አንቀጽ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ አያንሱም። ፀሐይ በወርዷ መሬትን 109 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ሆኖም «ወጣች»፣ «ጠለቀች» ነው የምንላት። ማንም አላነሳትም። 900 ሜትር መርከብማ ምን አላት!

ደግሞ የአማርኛ አንባቢ በደንብ የሚያውቃት የመርከብ ንድፍ አለች፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ላይ ያለችው። ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30። እዚያም «መርከቢቱ» ናት። ልኬቱ እንዴት እንደተቀመጠ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ «ርዝመት ያላት ሲሆን» የለም፣ «አቅም ያላት» የለም። ርዝመቷ ይህን ያህል፣ ወርዷ ይህን ያህል፣ አለቀ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። መርከቧን ሴት ማድረግ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከትልቅ ጣጣ ያድንዎታል። የራስዎን ዓረፍተ ነገር እንየው፦ «መርከቡ ጋሻውን ዘረጋ። ተመታ። ግን አልተጎዳም።» ማን ነው የተመታው? መርከቡ ነው ጋሻው? ሁለቱም ወንድ ስለሆኑ ግሱ አይነግረንም። ጦርነት ላይ ደግሞ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም፤ ጋሻው ከተመታ ሁሉም ሰላም ነው፣ መርከቡ ከተመታ ሰው ይሞታል።

በሴት ያዙሩት፦ «መርከቧ ጋሻዋን ዘረጋች። ተመታ። አልተጎዳም።» አሁን አንባቢ አይጠይቅም። «ተመታ» ያለው ጋሻውን ነው። መርከቧ ብትሆን «ተመታች» ይላል። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም፣ መርከቧ ሴት፣ ዕቃዎቿ ወንድ ከሆኑ ውጊያውን ሙሉ «እሱ» «እሷ» ሳይሉ መተረክ ይችላሉ። መድፉ ተኮሰ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ጋሻው ወረደ፤ እሷ ግን አልቆመችም። ይህን የሚያክል ስጦታ ቋንቋው እያቀረበልዎ ገሸሽ ማድረግ ያስቆጫል።

አንድ ወጥመድ አለ። «መርከቧ» ሁለት ነገር ይሆናል፤ አንድም የታወቀችው መርከብ፣ አንድም የእሷ፣ ማለትም የአንዲት ሴት መርከብ። ታሪኩ ውስጥ ሴት ተዋጊ ካለች «መርከቧ ተቃጠለች» ሲሉ የማን እንደሆነች ላይለይ ነው። ያኔ «መርከቢቱ» ይበሉ። «‑ኢቱ» የታወቀ ነገርን ብቻ ታመለክታለች፤ ባለንብረት አታስገባም። አንዳንድ ሰው የቤተ ክህነት ትመስላለች ብሎ ይሸሻታል። እኔ ግን ለ900 ሜትር የጦር መርከብ ትንሽ ግርማ አይበዛባትም እላለሁ።

ወደ ልኬቱና ወደ ችሎታዋ ልመለስ። «ለመምታት የሚያስችል አቅም ያለው የጨረር መድፍ የታጠቀ ነው» ብለዋል። በሰው ቋንቋ ሲወራ «የጨረር መድፏ 300,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይመታል» ነው። «ይመታል» ስንል እኮ ችሎታውም እዚያው ውስጥ አለ። «ይህች መኪና ስምንት ሰው ትጭናለች» ስንል አሁን ጭናለች ማለታችን አይደለም፤ ትችላለች ማለታችን ነው። የመሣሪያ ችሎታ ሲዘረዘር «የሚያስችል»፣ «አቅም ያለው»፣ «የሚችል ነው» የሚሉትን አውጥተው ይጣሏቸው። አንዳቸውም አይናፍቁዎትም። (ርቀቱ፣ በነገራችን ላይ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ጨረሩ በአንድ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ጠላት መተኮሱን የሚያውቀው ሲመታ ነው።)

የአሉታው ደግሞ ይብሳል፣ ማለቴ ይበልጥ ያምራል። «በማንኛውም መሣሪያ ሊበሳ የማይችል ነው» የሚለው አምስት ቃል በአንድ ይወጣል፦ «አይበሳም»። ተደራጊው ግስ በአሉታ ሲመጣ «አልተደረገም» ከማለት አልፎ «ቢሞከርም አይሆንም» ይላል። ጋሻዋ አይበሳም። እሷ አትነካም። አይደረስባትም። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ የመከላከያ ምዕራፍ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «አይበሳም» አድራጊም ተደራጊም ሆኖ ይነበባል። «ጋሻው አይበሳም» ችግር የለበትም፤ ጋሻ ምን ይበሳል? «ጨረሩ አይበሳም» ካሉ ግን አንባቢ ግራ ይጋባል። እዚያ ላይ ተሳቢውን ይጨምሩ፣ «ጨረሩ ጋሻዋን አይበሳም»።

ከዚሁ ሳልወጣ፣ ጦርነት ለሚጽፍ ሰው «ል» እና «ብ» ወርቅ ናቸው። «መርከቢቱ ደረሰችላቸው» እና «መርከቢቱ ደረሰችባቸው» አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያቸው። በመጀመሪያው ሰዎቹ ይተርፋሉ፣ በሁለተኛው አለቀላቸው። ቅዝራ ወዳጅ ትሁን ጠላት ሳይነግሩን አንድ ገጽ ሙሉ አጉል ተስፋ ሊሰጡን፣ ከዚያ በአንዲት «ብ» ሊያስደነግጡን ይችላሉ።

አሁን ወደ እውነተኛው ስሕተት። «በየጦር መርከቡ ላይ 12 ሚሳኤሎች ይገኛሉ» ብለዋል። ስለ አንድ መርከብ እያወሩ ከሆነ ይህ ትርጉሙን ገለበጠው። «የጦር መርከብ» ላይ «በ» ሲመጣ «የ» ትወድቃለች፦ «በጦር መርከቡ»። «ከ» ሲመጣም እንዲሁ፣ «ለ» ሲመጣም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው ከተጻፉ «በየ» የራሷ ሌላ ሥራ አላት፤ ማከፋፈያ ትሆናለች። «በየቤቱ» እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር «በእያንዳንዱ የጦር መርከብ ላይ 12» ሆኖ ይነበባል። መርከቦቹ 30 ከሆኑ 360 ሚሳኤል ለጠላት አደሉ። ማከፋፈል ከፈለጉ ደግሞ «እያንዳንዷ ቅዝራ 12 ሚሳኤል ትይዛለች» ይበቃል። «አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት» እያሉ መደጋገምም ያምራል፤ በፊደል ይሁን እንጂ። «12 12 ሚሳኤል» ቢሉ አንባቢ 1212 ብሎ ያነበዋል። «ሚሳኤሎች»ን ወደ «ሚሳኤል» መመለሴንም ያዩ ይመስለኛል። ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥሩ ስሕተት አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ብዛቱን ከነገረን ወዲያ ስሙ መድገሙ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው።

ድምፁስ? «ድው የሚል ድምፅ ሕዋውን ሞላው» አይሆንም። እዚያ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር የለም። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ትረካው ይቀዘቅዝብኛል ብሎ ይፈራል፤ ፈንጂ ያለ ድምፅ ምን ፈንጂ ነው? ግን አማርኛ እዚህ ላይ ማንም አይደርስበትም። ከ«አለ» ጋር ከሚሄዱት ቃሎቻችን ግማሾቹ ለጆሮ ናቸው፦ ድው፣ ጓ፣ ቷ። የቀሩት ግን ለዓይን ናቸው፣ ጭራሽ ድምፅ የላቸውም። ቦግ አለ። ብልጭ አለ። ድርግም አለ። ውልብ አለ። እልም አለች። ብትን አለች። የጠፈር ውጊያ ከእነዚህ ውጭ ምን ያስፈልገዋል? የጠላት መርከብ ተመታች ሲባል «ቦግ አለች፣ ብትን አለች፣ ድርግም» ብለው ይተዉት። ያ ዝምታ ከ«ድው» ይልቅ ያስፈራል። «ድው»ን ለመርከቧ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ዕቃ ሲመታት በአካሏ አልፎ ውስጥ ያሉት ይሰሙታል። እንዲያውም ከውጭ ሲያዩ «ብልጭ»፣ ከውስጥ ሲሆኑ «ድው» ካሉ፣ አንባቢ የት እንደቆመ ሳይነግሩት ያውቃል። «አለ»ን በ«አደረገ» ሲተኩ ደግሞ አድራጊ ይመጣል፦ «ብትን አለች» በራሷ፣ «ብትን አደረገቻት» ሌላዋ መርከብ።

በዚያው፣ «ሰመጠች» አይበሉ፤ የሚሰመጥበት ውኃ የለም። «ወደመች» በቂ ነው። ሞተሯን አጥፍታ በያዘችው ፍጥነት ስትሄድ «ነጎደች» ይበሉ፤ ባዶ ሕዋ ውስጥ የሚያቆማት ስለሌለ ቃሉ ልክክ ይላል።

ክንፎቹን ወድጃቸዋለሁ። ባዶ ሕዋ ውስጥ ሙቀት በጨረር ብቻ ስለሚወጣ እንዲህ ያለች መርከብ ሰፋፊ ሙቀት ማስወጫ ያስፈልጋታል። «ክንፍ» ሲባል ግን አንባቢ በክንፏ የምትበር ይመስለዋል። ስሙን አይቀይሩ፤ ግሱን ያስተካክሉ። «በክንፎቿ ሙቀቷን ትተፋለች» ካሉ ሥራቸው ታወቀ።

«ክላስ» የሚለው ብዙ አያጣላንም። «መደብ» ቢሉ ወዛደርና ባላባት ይመጣሉ። «ክፍል» ቢሉ ክፍለ ጦር ይመጣል። «የቅዝራ ዓይነት» ካሉ ደግሞ «ቅዝራን የምትመስል» ሊሆን ነው። መጀመሪያ ላይ አንዴ «የቅዝራ ምድብ» ብለው ያስተዋውቁን፤ ከዚያ ወዲያ ቅዝራን እንደ ተራ ስም ይጠቀሙበት። «አንዲት ቅዝራ»፣ «ሦስት ቅዝራዎች»፣ «ቅዝራዋ»። ሰው «ቶዮታዋ ቆመች» ይል የለም? በባሕር ኃይል ልማድም ምድቡ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዋ መርከብ ስም ይጠራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 እንግሊዞች ድሬድኖት የተባለችውን የጦር መርከብ ሲያወጡ፣ ከእሷ ወዲህ በእሷ መንገድ የተሠሩት ሁሉ፣ የሌላ አገሮቹም ጭምር፣ «ድሬድኖት» ተባሉ። ስለዚህ በታሪክዎ ውስጥ የመጀመሪያዋ ቅዝራ የትኛዋ እንደነበረች ቢያስቡበት አይከፋም።

ሁሉንም ሳደባልቀው ቁራጭዎ እንዲህ ይሆናል፦

«ቅዝራ ርዝመቷ 900 ሜትር ነው። የጨረር መድፏ 300,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይመታል። ጋሻዋ አይበሳም። እያንዳንዷ ቅዝራ 12 ሚሳኤል ትይዛለች። መርከቢቱ ጋሻዋን ዘረጋች። ብልጭ አለ። ተመታ። አልተበሳም። ክንፎቿ ቀሉ፤ የዋጠችውን ሙቀት ተፉት። ከዚያ ደረሰችባቸው።»

የቀረው አዛዡ ነው። አየህ፣ «አዛዡ» ስል ወንድ አደረግኩት፤ «አዛዧ» ብል ሴት ትሆናለች። (ይቅርታ፣ «አየህ» አመለጠኝ፤ አዩ።) አማርኛ በነጠላ «እሱ» ወይም «እሷ» ካላለ አያልፍም፤ ፊት ለፊት ሲያናግርም «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። ማምለጫዋ አክብሮት ናት። «እሳቸው» እና «እርስዎ» ጾታ የላቸውም። ስሙን ያለ «ው» እና ያለ «ዋ» ከማዕረግ ጋር ይጻፉና በአንቱታ ይቀጥሉ፤ ስማቸው ኢዝም ነው እንበል፦ «አዛዥ ኢዝም ተነሡ። ወደ መስኮቱ ሄዱ። እንዲተኮስ አዘዙ።» ወንድም ሴትም አላልንም፤ አዛዥ ስለሆኑም አንቱታው አይጎረብጥም። መዘዙ አንድ ነው፤ «አዘዙ» የብዙም ግስ ስለሆነ፣ ሌሎች መርከበኞች አጠገባቸው ካሉ ሁሉም ያዘዙ ይመስላል። እዚያ ላይ ስማቸውን ደገም ማድረግ ነው።

ጠላቶቻቸው ግን አንቱ አይሏቸውም። አንዱ ምርኮኛ «እሱ» ይበላቸው፣ ሌላዋ «እሷ» ትበላቸው፤ አለማወቃቸው በንግግራቸው ይታይ። አዛዥ ኢዝም ራሳቸው ተራኪ የሚሆኑበት ምዕራፍ ካለዎት ደግሞ ምንም አይጨነቁ። «አዘዝኩ»፣ «ተኮስኩ»፣ «ነጎድኩ» ውስጥ ወንድም ሴትም የለም።