በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመታጠቅ ስንት ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ፤ ሥራው ዲሲም ቨርጂኒያም ያደርሰኛል። ዘረፋ ስለምፈራ ሽጉጥ ከልብሴ ሥር ለመያዝ ፈቃድ ላወጣ አስቤያለሁ። አሌክሳንድሪያ ያለው ጓደኛዬ በአንድ ቀን ሥልጠና ፈቃዱን አገኘ። እኔን ግን 16 ሰዓት መማር አለብህ አሉኝ። እውነት ነው? አገር ቤት ወታደር ነበርኩ፤ እሱስ አያስቀርልኝም? ከዓመታት በፊት ደግሞ ከጎረቤት ተጣልቼ ፖሊስ ይዞኝ ነበር። ክሱ ተዘግቷል።

መልስ፦ አዎ፣ 16 ሰዓት ነው። ጓደኛዎም ቢሆን አልዋሸዎትም። እሱ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው የሚኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ ሰዓት አይቆጥርም፤ ሽጉጥ አያያዝ መማርዎን የሚያሳይ የኮርስ ወረቀት ይበቃል። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ግን በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ኮርስ አይቀበሉም።

ሜሪላንድ ግን ጠበቅ ያለች ናት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ፣ ፈቃድ ፈላጊው ሁሉ «በቂና ጠንካራ ምክንያት» ማቅረብ ነበረበት። ያ ቀረ። አሁን ማጣሪያ ሆነው የቀሩት ዋናዎቹ ሥልጠናውና የጀርባ ታሪክ ምርመራው ናቸው። ስለዚህ ሥልጠናውን እንደ ቀላል ነገር አይዩት።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአካል ነው። አሠልጣኙም ከሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ዕውቅና ያገኘ መሆን አለበት፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ስለ መሣሪያ ሕግ፣ ሽጉጥን ቤት ውስጥ በደህና ስለማስቀመጥ፣ ጠብን ስለማብረድ፣ ንዴትን ስለመቆጣጠርና ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ይማራሉ። በመጨረሻ የተኩስ ፈተና አለ። ከ3 እስከ 15 ያርድ ርቀት ላይ 25 ጥይት ይተኩሳሉ፤ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ፈቃዱ ሲታደስ ደግሞ የ8 ሰዓት ሥልጠና ይጠብቅዎታል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት አንድ ነገር አለ። በሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት ብቻ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእሱ ሥልጠና 4 ሰዓት ነው። ያንን ወረቀት ይዘው «ሥልጠና ጨርሻለሁ» ብለው ለመታጠቂያ ፈቃድ ቢያመለክቱ ዋጋ የለውም።

የውትድርናዎን ነገር እንምጣበት። ከሥልጠና ነፃ የሚያደርገው ሕጉ የሚናገረው ስለ አሜሪካ ጦር አባላትና በክብር ስለተሰናበቱት ነው። አገር ቤት ያገለገሉበት ዘመን አይቆጠርልዎትም። የተኩስ ፈተናው ላይ ሊጠቅምዎት ይችላል፤ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥዎትን ሰዓት ግን አያሳጥረውም።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የሥራዎ ጉዳይ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዘው ቁልቁል ሲነዱ ኢስተርን አቬኑን ተሻገሩ ማለት ዲሲ ገቡ ማለት ነው። ኬላ የለ፣ የሚያስቆም ሰው የለ። የሜሪላንድ ፈቃድዎ ግን እዚያች መስቀለኛ ላይ ያበቃል። ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። የራሱን ፈቃድ ለማግኘት 16 ሰዓት ትምህርትና ተጨማሪ 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጠይቃል፤ ሽጉጡም መመዝገብ አለበት። ያለ ፈቃድ ታጥቆ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ሜሪላንድም ብትሆን የቨርጂኒያን ፈቃድ አትቀበልም፤ ጓደኛዎ ሊጠይቅዎት ሲመጣ ይህን ይንገሩት።

ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ታጥቆ መገኘት ለዜጋ የወንጀል ክስ ነው። ለእርስዎ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ የጦር መሣሪያን ከሕግ ውጪ ይዞ ወይም ታጥቆ በመገኘት መፈረድ ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለዲፖርቴሽን ይዳርጋል። ሰው መጉዳት፣ መተኮስ አያስፈልግም። ተሳፋሪ ጭነው ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት ላይ ለትራፊክ ጥፋት ቢያስቆሙዎትና ሽጉጡ ቢገኝ፣ «የሜሪላንድ ፈቃድ አለኝ» ማለቱ አያድንዎትም። የዓመታት ልፋትዎ በአንድ ምሽት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ደግሞም ኡበርም ሆነ ሊፍት (Lyft) የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት ሾፌር መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም፤ ፈቃድ ያለውንም ቢሆን። ቢደረስበት አካውንትዎ ይዘጋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሽጉጡን ለሥራ ብለው ካሰቡት ይተዉት። ካሜራ ያስገጥሙ፣ የሚያሠጋዎትን ሰዓትና ሰፈር ይቀንሱ። ቤትዎን ለመጠበቅ ከሆነ ደግሞ መታጠቂያ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ በሕግ የተገዛ ሽጉጥ ቤት ውስጥ ማኖር ይችላሉ። ከ18 ዓመት በታች ልጅ እንዳያገኘው መቆለፍ ግን ግዴታዎ ነው።

ለማመልከት ከወሰኑ እነዚህን ይጠንቀቁ። ዕድሜዎ 21 የሞላ መሆን አለበት። ክፍያው 125 ዶላር ነው፤ አሻራም ይሰጣሉ። ስምዎ በግሪን ካርዱ፣ በመንጃ ፈቃዱና በሥልጠና ወረቀቱ ላይ በፊደል ሳይቀር አንድ ዓይነት ይሁን። የእኛ ሰው የአባትና የአያት ስም እየተቀያየረበት ብዙ ይቸገራል። ስለ ዕፅ ሲጠየቁ እውነቱን ይመልሱ። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጫትም ውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ምክንያት እዚያው ክልክል ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ እየቃሙ «አልጠቀምም» ብሎ ቅጽ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የተዘጋው ክስዎ በራሱ አይከለክልዎትም። ስቴት ፖሊስ ግን የጠበኝነት ታሪክ አለው ወይ ብሎ ይመረምራል። ክሱን ደብቀው ከተገኘብዎት ከራሱ ከክሱ በላይ ይጎዳዎታል። ከፍርድ ቤቱ ክለርክ ዘንድ ሄደው፣ ጉዳዩ እንዴት እንደተዘጋ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያውጡ። መዝገቡን ለማስሰረዝ አስበው ከሆነ ቅጂውን ከማስሰረዝዎ በፊት ይውሰዱ፤ አንዴ ከተሰረዘ ማግኘቱ ይከብዳል፤ ለዜግነት ሲያመለክቱ ደግሞ ኢሚግሬሽን ይጠይቅዎታል። ያንን ወረቀት ካገኙ በኋላ ለሥልጠናው ከመመዝገብዎ በፊት የኢሚግሬሽንንም የወንጀልንም ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩት።